በጀትን ከዜሮ መሥራት፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ

የበጀት ጥሪ ሲመጣ ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። ያምናው የኤክሴል ፋይል ይከፈታል። ዓመቱ ይቀየራል። በየሒሳብ መደቡ (በየወጪ ዓይነቱ ኮድ) ላይ 10 ወይም 15 በመቶ ይጨመራል። "መቁረጣቸው አይቀርም" ተብሎም ትንሽ ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ፊርማ፣ ማኅተም፣ መላክ። የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ የተጣለውን ያነሳዋል። ሁለቱም ወገን ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። አምና ያ ሁሉ ብር ለምን ወጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ከዜሮ የሚነሳ በጀት ይህን ጥያቄ ግዴታ ያደርገዋል። አንድ ሥራ አምና ብር ስለነበረው ብቻ ዘንድሮ አያገኝም። ሥራው ራሱ ይጠየቃል፦ ለምን ይሠራል? ቢቀርስ? በትንሹ ስንት ይፈልጋል? ከዚያ ሥራዎቹ እርስ በርስ ተወዳድረው ተራ ይይዛሉ። ብሩ ከላይ ወደ ታች እስኪያልቅ ይታደላል።

ዘዴውን ያወጣው ፒተር ፒር የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ውስጥ ሠራበት። ስለ ዘዴው የጻፈውን ጂሚ ካርተር አነበበና ወደደው። ካርተር እ.ኤ.አ. በ1971 የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ሲሆን ፒርን ጠርቶ የግዛቱን በጀት በዚህ መንገድ አሠራ። ፕሬዚዳንት በሆነበት በ1977 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲከተሉት አዘዘ። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥልጣን በያዘበት በ1981 ቀረ።

ለምን ቀረ? ዋናው ምክንያት ወረቀት ነው። ጆርጂያ ውስጥ የቀረቡት የውሳኔ ሰነዶች 10 ሺህ ገደማ ነበሩ። አገረ ገዥው ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ከ20 የሥራ ቀን በላይ ቁጭ ብሎ ሊያነብ ነው። ማንም አያደርገውም። ያልተነበበ ሰነድ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በአንድ አቋም ላይ የቆመ ነው። ሁሉንም በየዓመቱ ከዜሮ አትሥሩ። ጥቂት ቦታ ምረጡና እሱን እስከ ሥሩ ድረስ ቆፍሩት። ምሳሌው የአንድ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። እናንተ ጤና፣ ግብርና ወይም የፌዴራል ኤጀንሲ ውስጥ ብትሆኑም አሠራሩ ያው ነው።

1ኛ እርምጃ፦ ምኑን ከዜሮ እንደምታዩ ለዩ

የበጀት ጣሪያው፣ ማለትም ለመሥሪያ ቤታችሁ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ እስኪመጣ አትጠብቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የበጀት ጥያቄው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት። ጥሪው ሲመጣ ያለው ጊዜ ፎርም ለመሙላት እንጂ ለማሰብ አይበቃም። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ጀምሩ።

መጀመሪያ ወጪያችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉ። አንዱ በዚህ ዓመት እጃችሁ የማይደርስበት ነው። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ መንግሥት ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ፣ የተፈረመ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ። እነዚህን ከዜሮ እንመርምር ማለት ጊዜ ማቃጠል ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከካርተርም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ሁሉንም ከዜሮ ለማየት ሞክሮ ነበር። ሠራተኞቹ ሕግ ያዘዘውን ሥራ ሳይቀር "ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱ" ተባሉ። ብዙ ሰው ብዙ ደከመ፤ በጀቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። "ግዴታ" የምትለዋ ቃል በጣም ትለጠጣለች። የቢሮ ኪራይ ውል ግዴታ ነው፤ ግን መቼ ያልቃል? በመጪው ዓመት አጋማሽ የሚያልቅ ከሆነ ግማሹ ዓመት ግዴታ አይደለም። የጥበቃና የፅዳት ውልም እንደዚያው። እያንዳንዱን ውል አውጡና የሚያበቃበትን ቀን አጠገቡ ጻፉ።

ሁለተኛው ክፍል የሥራ ማስኬጃው ነው። ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ ጥገና፣ ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ ኅትመት፣ አላቂ ዕቃ። አብዛኛው ወረዳ ላይ መደበኛ በጀቱን ደመወዝ ስለሚወስደው ይህ ክፍል ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑ ነው ከዜሮ ማየቱ የሚያዋጣው። ከዚህ ውስጥም ዘንድሮ ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ክፍል ብቻ ምረጡ። ሌሎቹን በሚቀጥሉት ዓመታት ተራ በተራ ታዩዋቸዋላችሁ። በአራት ወይም በአምስት ዓመት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አንድ ዙር ይዳረሳል።

የትኛውን ታስቀድሙ? በየዓመቱ ሰኔ ላይ ብር የሚተርፈውን፣ ወይም በየዓመቱ ጥር ላይ "አለቀብኝ" የሚለውን። ሁለቱም ቁጥራቸው ከሥራቸው ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።

2ኛ እርምጃ፦ የውሳኔ ክፍሎችን አበጁ

የውሳኔ ክፍል ማለት ለብቻው "ይሠራ" ወይም "ይቅር" ሊባል የሚችል ሥራ ነው። ኃላፊ አለው፤ የሚቆጠር ውጤት አለው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2004 በጀት ዓመት ጀምሮ በፕሮግራም በጀት ስለሚሠሩ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። በፕሮግራሙ ሥር የምትዘረዝሯቸው ዋና ዋና ተግባራት ብዙ ጊዜ ጥሩ የውሳኔ ክፍል ይሆናሉ።

የተለመደው ስህተት የሒሳብ መደብን የውሳኔ ክፍል ማድረግ ነው። "ነዳጅና ቅባት፣ 6217" ሥራ አይደለም። ነዳጅ ይቅር ወይስ ይቀጥል ብሎ መወሰን አይቻልም፤ ነዳጁ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ካልታወቀ።

የውሃ ጽሕፈት ቤታችን አራት ክፍል ይኑረው እንበል፦ የእጅ ፓምፕ ጥገና፣ የውሃ ጥራት ቁጥጥር፣ የአዲስ ቦታ ጥናት እና የማኅበረሰብ ንቅናቄ መድረክ። ከአራት እስከ ስምንት በቂ ነው። 20 ከደረሳችሁ ወደ ጆርጂያ መንገድ ገብታችኋል።

3ኛ እርምጃ፦ ጥያቄዎቹን ሥራውን ለሚሠራው ሰው አቅርቡ

ፎርሙን የበጀት ባለሙያው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ከሞላው ነገሩ አለቀለት። መልሱ ያለው ከቴክኒሻኑ፣ ከሾፌሩ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ዘንድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ብቻ ፍቀዱ። በገጹ ላይ እነዚህ ይመለሱ፦

- ሥራው ዓላማው ምንድን ነው? የትኛው ሕግ፣ ደንብ ወይም ዕቅድ ያዘዋል?
- ለአንድ ዓመት ሙሉ ቢቆም ማን፣ ምን ያጣል?
- ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ፕሮጀክት ወይም ማኅበረሰቡ ራሱ ይሠራው ይሆን?
- ይህንኑ ውጤት በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል?

ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ "ሥራው ይስተጓጎላል" የሚል መልስ ከመጣ መልሱት። ያ መልስ አይደለም። "በሦስት ቀበሌ ያሉ አባወራዎች ወደ ወንዝ ውሃ ይመለሳሉ" መልስ ነው። "የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዘገያል" የሚለውም መልስ ነው፤ ቢያንስ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ሁሉም ያየዋል።

የሚከብደው ክፍል እዚህ ነው። ሰው ስለ ሥራው "ቢቀርስ?" ሲባል እንጀራው የተነካ ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉ። የሚጠየቀው ሥራውና የሥራ ማስኬጃው ነው፤ የሠራተኛው መደብ አይደለም። ይህን ኃላፊው ራሱ በስብሰባ ላይ ቢናገረው ይሻላል። በሹክሹክታ ከተሰማ ቅነሳ ሊመጣ ነው ተብሎ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥር አታገኙም።

4ኛ እርምጃ፦ ወጪውን ከሥራው ተነስታችሁ አስሉ

ያምናውን አፈጻጸም ለጊዜው አቆዩት። እሱን መነሻ ስናደርግ የሰኔንም ችግር አብረን እንወስዳለን። ለበጀት ሰው ሰኔ በየዓመቱ ሰኔና ሰኞ ነው። ብሩ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ ወረቀት ይገዛል፤ ቶነር ይገዛል፤ ያልታሰበ ሥልጠና ይዘጋጃል። አፈጻጸሙም 98 በመቶ ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ያ 98 በመቶ ፍላጎት ነው ተብሎ ይነበባል።

ፓምፕ ጥገናውን እናስላው። አምና 600,000 ብር ነበረው። በለመድነው መንገድ ቢሆን ዘንድሮ 660,000 እንጠይቅ ነበር።

አሁን ከብልሽት መዝገቡ እንነሳ። ወረዳው 120 የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፖች አሉት። በዓመት 45 ብልሽት ተመዝግቧል። ከዚህ 30ው ቀላል ነው፤ ጎሚኒና መሰል ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች መቀየር። 15ቱ ከባድ ነው፤ ዘንግ፣ ቱቦ፣ ሲሊንደር። ለቀላሉ መለዋወጫ በአማካይ 2,500 ብር፣ ለከባዱ 18,000 ብር እንያዝ። 75,000 እና 270,000፤ በድምሩ 345,000 ብር።

ጉዞው ይቀራል። እስካሁን ለእያንዳንዱ ብልሽት አንድ ጉዞ ይደረግ ነበር። ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር፤ ፒካፑ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ 7.5 ሊትር። ሊትሩን 120 ብር ብንል 900 ብር ይሆናል። ሁለት ቴክኒሻንና ሾፌር በቀን 400 ብር ውሎ አበል ቢታሰብላቸው 1,200። አንድ ጉዞ 2,100 ብር፤ 45 ጉዞ 94,500 ብር።

ጠቅላላ 439,500 ብር። አምና የተመደበው ግን 600,000 ነበር። 160,500 ብሩ የት ሄደ?

ይህ ጥያቄ ሌባ ፍለጋ አይደለም። ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው። በጥገና ስም የተያዘው ነዳጅ ወደ ዞን ስብሰባ መሄጃ ሆኗል። ወይም መኪናው ሲበላሽ ከዚያው ተከፍሏል። ያ ወጪ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ግን በራሱ ስም ይቅረብና ይወዳደር። በፓምፕ ስም ተሸሽጎ ሲገባ ማንም አይመዝነውም።

ሌላም ነገር ከስሌቱ ይወጣል። ከአንድ ቀበሌ ሁለት ፓምፕ ሲበላሽ ለምን ሁለት ጊዜ ይኬዳል? ጉዞው በመስመር ቢደራጅ 45ቱ ወደ 20 ይወርዳል። አንዱ ጉዞ ይረዝማል፤ 80 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሊትር፣ 1,200 ብር። ውሎ አበሉ ያው 1,200። በአንድ ጉዞ 2,400፣ ለ20 ጉዞ 48,000 ብር። መለዋወጫውን ስንጨምር 393,000 ብር። እርግጥ የራሱ ዋጋ አለው። አንዳንዱ መንደር ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ይህንንም በገጹ ላይ ጻፉት፤ ውሳኔ ሰጪው አውቆ ይወስን።

መዝገብ ከሌላችሁስ? ያኔ የሦስት ወር የዕቃ ወጪ ደረሰኝና የመኪና መውጫ ፎርም ሰብስቡ። ፍጹም አይሆንም። ከ"ያምናው ሲደመር 10 በመቶ" ግን ይሻላል።

5ኛ እርምጃ፦ እያንዳንዱን ክፍል በደረጃ አቅርቡት

አንድ ሥራ "ሙሉውን ወይም ምንም" ተብሎ ከቀረበ ውሳኔ ሰጪው ምርጫ የለውም። ስለዚህ ክፍሉን በተደራራቢ ጥቅሎች ከፋፍሉት። የመጀመሪያው ጥቅል ሥራው ሥራ ተብሎ ሊጠራ የሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ነው። በካርተር ዘመን የወጣው የፌዴራል መመሪያ ይህ ዝቅተኛ መጠን አሁን ካለው ደረጃ በታች እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ጥሩ ደንብ ነው። ያለሱ ሁሉም ሰው "የእኔ ዝቅተኛ ያምናው ነው" ይላል።

ፓምፕ ጥገናው እንዲህ ይቀርባል።

ጥቅል ሀ፦ ከባድ ብልሽቶች ብቻ። መለዋወጫ 270,000፣ 12 ጉዞ 28,800፤ በድምሩ 298,800 ብር። ቀላሉ ብልሽት ለውሃ ኮሚቴው መዋጮ ይተዋል፤ አንዳንዱ መንደር ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል።

ጥቅል ለ፦ ቀላሎቹ 30ም ይጠገኑ። መለዋወጫ 75,000፣ ተጨማሪ 8 ጉዞ 19,200፤ በድምሩ 94,200 ብር።

ጥቅል ሐ፦ አፍሪዴቭ ሲሠራ ጀምሮ የመንደር ሰው እንዲጠግነው የታሰበ ፓምፕ ነው። ከ40 የውሃ ኮሚቴ ሁለት ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ማሠልጠን፤ ለአንድ ሰው በቀን 300 ብር፣ 48,000። አሥር የመፍቻ ሳጥን በ6,000 ብር፣ 60,000። በድምሩ 108,000 ብር። ከሠራ የጥቅል ለ ጉዞ በሚቀጥለው ዓመት ይቀንሳል።

ሦስቱም ተደምረው 501,000 ብር ናቸው። ከአምናው 600,000 በታች ሆኖ ሥልጠናውንም ይጨምራል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ግን አትመኑ። አንዳንድ ሥራ ከዜሮ ሲሰላ አምና በግማሽ ብር ሲንከላወስ እንደነበር ይታያል። ያም ግኝት ነው። ዘዴው መቀነሻ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

6ኛ እርምጃ፦ ጥቅሎቹን በተራ አስቀምጡ

ሁሉም ሊሸሸው የሚፈልገው ሥራ ይህ ነው። በዕድል አትተውት፤ በድምፅ ብቻም አታድርጉት። የየክፍሉ ኃላፊዎች አንድ ቀን ይቀመጡ። እያንዳንዱ ጥቅል በተለየ ወረቀት ይጻፍና ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ወረቀቶቹን ወደ ላይና ወደ ታች እያነሱ መከራከር ነጥብ ከመደመር የተሻለ ነው። ነጥብ አሰጣጥ ሳይንስ ይመስላል፤ ግን ሁሉም ለራሱ 10 ከሰጠ ምን ይጠቅማል?

ሕግ የግድ የሚላቸውና የሰው ሕይወት የሚነኩት ከላይ ይቀመጣሉ። እነሱ ላይ ብዙ አትቆዩ። ክርክሩ ያለው መሃል ላይ፣ ብሩ ሊያልቅ በሚችልበት አካባቢ ነው። ጊዜያችሁን እዚያ አውሉት።

አንድ ብልጠት ግን ጠብቁ። ኃላፊው ምክር ቤቱ ሊቆርጠው የማይደፍረውን ሥራ ሆን ብሎ ከታች ያስቀምጣል። ክሎሪኑን መጨረሻ ላይ፣ የመስክ ጉብኝቱን መጀመሪያ ላይ። "ብር ካልጨመራችሁ ክሎሪን የለም" ለማለት ነው። ይህ እዚህ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ሃርትዞግ በጀታቸው ሲቆረጥ ፓርኮቹንና የዋሽንግተን ሐውልትን በሳምንት ሁለት ቀን ዘጉ። ሕዝቡ ጮኸ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ይህን መሰል ዘዴ በሐውልቱ ስም ይጠሩታል።

መድኃኒቱ አንድ ነው። ተራውን ያወጣው ሰው ተራውን እንዲፈርምበት ማድረግ። "ክሎሪን ከመድረክ በታች ነው" ብሎ በስሙ የሚፈርም ኃላፊ ብዙ አይገኝም።

የእኛ ጽሕፈት ቤት ተራ ይህን ይምሰል፦

1. የውሃ ጥራት ዝቅተኛ ጥቅል፣ ክሎሪን፦ 90,000
2. ፓምፕ ጥገና ጥቅል ሀ፦ 298,800
3. ፓምፕ ጥገና ጥቅል ለ፦ 94,200
4. የአዲስ ቦታ ጥናት፦ 120,000
5. ፓምፕ ጥገና ጥቅል ሐ፦ 108,000
6. የውሃ ጥራት ተጨማሪ ጥቅል፣ ምርመራ፦ 60,000
7. የማኅበረሰብ ንቅናቄ መድረክ፦ 70,000

7ኛ እርምጃ፦ ጣሪያው ሲመጣ መስመር አስምሩ

ጣሪያው 750,000 ብር ሆኖ መጣ እንበል። ከላይ ጀምራችሁ ደምሩ። እስከ 5ኛው 711,000 ነው። 6ኛውን ብትጨምሩ 771,000፤ በ21,000 ያልፋል። መስመሩ ከ5ኛው በታች ነው። 39,000 ብር በእጃችሁ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ብሩን ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ ለማደል እጅ ይበላል። አታድርጉት። ያንን ካደረጋችሁ ተራ ማውጣቱ ለምን አስፈለገ? 6ኛውን ጥቅል መልሱና "በ39,000 ብር ምን ያህሉን ምርመራ መሥራት ይቻላል?" በሉ። ግማሹን የውኃ ነጥብ በዚህ ዓመት፣ ግማሹን በሚቀጥለው መመርመር ትርጉም ካለው ይግባ። ትርጉም ከሌለው 39,000ው ለመለዋወጫ ዋጋ ጭማሪ በጥገናው ላይ ይያዝ፤ ምክንያቱም ይጻፍ።

ከመስመር በታች የቀሩትን አትጣሉ። በዓመቱ መሃል ተጨማሪ በጀት ወይም አጋር ድርጅት ቢመጣ ዝርዝሩ ዝግጁ ነው። "ምን እንርዳችሁ?" ለሚል ፕሮጀክት 6ኛውን ጥቅል ባለበት ማቅረብ ነው። ጣሪያው ወደ 650,000 ቢወርድ ደግሞ አዲስ ስብሰባ አያስፈልግም። 4ኛው ላይ፣ 603,000 ላይ ትቆማላችሁ።

8ኛ እርምጃ፦ ወደ ሒሳብ መደብ መልሱት

የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሥርዓት ጥቅል አያውቅም፤ መደብ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የተፈቀዱትን ጥቅሎች ፈትታችሁ በየኮዱ ደምሩ። የሁሉም ጥቅል ነዳጅ በ6217፣ ውሎ አበሉ በ6231፣ ሌላውም በየመደቡ። በአይቤክስም ሆነ በኢፍሚስ (በመንግሥት የበጀትና የሒሳብ ኮምፒውተር ሥርዓቶች) የሚገባው ይህ ድምር ነው።

በኤክሴል ሁለት ገጽ ይኑራችሁ። በአንዱ ረድፉ ጥቅል፣ ዓምዱ ኮድ ይሁን። ሁለተኛው ለፎርሙ የሚሄደው ድምር ነው። አምስት ጥቅል ላይ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካፒታሉን ከመደበኛው ጋር እንዳታደባልቁ ግን ተጠንቀቁ፤ በኋላ ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይቻልም። የመፍቻ ሳጥኑ አላቂ ነው ወይስ ቋሚ ዕቃ የሚለውን ከንብረት ክፍሉ ጋር አሁኑኑ ጨርሱ።

ለበጀት ስሚው፣ ማለትም በጀታችሁን ለምታስረዱበት ስብሰባ፣ የየክፍሉን ገጽ ይዛችሁ ግቡ። "ለምን ይህን ያህል?" ሲባል "45 ብልሽት፣ 20 ጉዞ" የሚል መልስ አላችሁ። ብዙ ጊዜ ሌላው መሥሪያ ቤት ያለው መልስ "የዋጋ ንረት" ብቻ ነው።

9ኛ እርምጃ፦ ከሐምሌ በኋላ

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ጥቅሎቹ ፋይል ውስጥ ከተኙ በዓመቱ መጨረሻ ያው ወደ ኮዱ ትመለሳላችሁ። በየሩብ ዓመቱ ሁለት ቁጥር ብቻ ተከታተሉ፦ የወጣው ብርና የተሠራው ሥራ። ለምሳሌ በመስከረም መጨረሻ 5 ጉዞ፣ 11 ጥገና። የብልሽት መዝገቡን የሚሞላ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ከመስመሩ በላይ ካለ ሥራ በመሃል ብር ወደ ሌላ ሲዛወርም ለማን እንደተዛወረ ይጻፍ፤ በጀት ዝውውር ላይ "ለሥራ አስፈላጊነት" የሚል ምክንያት ለማንም ምንም አይነግርም።

በሁለተኛው ዓመት ፓምፕ ጥገናውን እንደገና ከዜሮ አታዩትም። ስሌቱ አለ፤ ዋጋና የብልሽት ቁጥር ብቻ ታድሳላችሁ። ተራው የሌሎች ክፍሎች ይሆናል። እኔ ብሆን ቀጥሎ የምወስደው የጽሕፈት ቤቱን መኪኖች ነው። ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ጎማው፣ መድኑ፣ ሁሉም በተለያየ መደብ ተበታትኖ ስለሚቀመጥ አንድ መኪና በዓመት ስንት እንደሚፈጅ በአንድ ወረቀት ላይ አይቶት የሚያውቅ ሰው እምብዛም የለም። የመኪና መውጫ ፎርሞቹን ከአሁኑ ማሰባሰብ ጀምሩ።